ውሃ በጥላሸት ላይ

ባለፈው ማክሰኞ ልደታ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። የፍርድ ቤት ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። እኔ ጃንጥላ ይዣለሁ፤ መዘርጋቱ ግን ትዝ አላለኝም። ካለፈው ዓመት ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ የያዝኩትን ነገር መያዜን እረሳዋለሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ መጣና የራሱን ጃንጥላ ከላዬ ዘርግቶ «እትዬ አልማዝ፣ ኧረ ይጠለሉ!» አለኝ። ዞር ብዬ ሳየው ፂሙ የሸበተ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ነው። አላወቅኩትም። «ሸምሱ ነኝ እኮ፤ የሰንጋ ተራው፣ የባለሱቁ የሀጂ ልጅ» ሲለኝ ነው ከፂሙ ሥር የድሮውን ፊት ያገኘሁት።

ሸምሱን ባሌ ግርማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምሮታል። አሁን እሱም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የግርማን ሞት የሰማው ዘግይቶ መሆኑን፣ ለቅሶ ባለመድረሱ ማፈሩን ነገረኝ። «አላህ ያጽናዎት» አለ። «አሜን» አልኩ። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰና እኛም ተንቀሳቀስን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የጋሼ ደብተር አለ? የጠብታው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አለ» አልኩት።

«ስሌታቸውን በኮምፒውተር ደግሜ ሠራሁት። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ያስተማሩንን ይዤ ነው የጀመርኩት። ወላሂ፣ አንዲት ስህተት የለችበትም። ግን የለኩት ከስሌቱ አልገጠመም ተብሎ ነው የወደቀባቸው አይደል? ለምን እንዳልገጠመ ካገኘሁ በስማቸው አሳትመዋለሁ። ካላገኘሁ ግን የሚቀበለኝ የለም፤ ሰውየው ተሳስተው ነበር ተብሎ ይቀራል።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ና» አልኩትና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ወዴት እንደምሄድ ረዳቱ ሁለቴ ጠየቀኝ። ለምን እንዳልገጠመ እኔ አውቃለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቄዋለሁ። ለግርማ ግን አልነገርኩትም።

ያኔ የምንኖረው ሰንጋ ተራ ነው፤ አሁን መስታወት የለበሰ ሕንፃ በቆመበት ቦታ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ። የቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው ዝናብ ሲመታው እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም ነበር። ዳቦ አስር ሳንቲም፣ አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ስኳር በራሽን ነው፤ ላምባም ሰልፍ አለው። ውሃ ከቦኖ በጀሪካን እንገዛለን፤ ተሸካሚ ካልተገኘ እኔው ነኝ የማመጣው። ግርማ ቡናማ ኮትና የቴትሮን ሸሚዝ ይለብሳል፤ ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሦስት እስክሪብቶ አለ። ቦላሌ ሱሪው ፋሽኑ ሲያልፍበት እግሩን በእጄ አጥብቤለታለሁ፤ አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ጠቦ ቀረ፤ እሱ ግን ሳይናገር ለበሰው። አሁን በዚያ ስፍራ ሳልፍ የትኛው ደረጃ የማን ቤት እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ። የእትዬ የሺ በር ዛሬ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ይመስለኛል። ከእሷ ሬዲዮ ማታ ማታ የማሲንቆ ትዝታ በግድግዳው በኩል ይመጣ ነበር፤ ቃሉ ሳይሰማ ዜማው ብቻ።

የጠብታው ነገር የመጣው ከጎመን ነው። ከቤቱ ጀርባ አንድ ጥግ ጎመን ተክዬ ነበር። በአንድ ክረምት ዝናቡ አባርቶ ግርማ ጓሮ ቆመና «አልማዝ፣ ነይማ፣ ይቺን እይ» ብሎ ጠራኝ። ጎመኑ ቅጠል ላይ ውሃ ድቡልቡል ብላ ተቀምጣለች። ቅጠሉን በጣቱ ሲነካው ተንከባለለች፤ ቅጠሉን ግን አላረጠበችውም። እኔ ጎመን ሳጥብ ዘወትር የማየው ነገር ነው፤ ምንም አልመሰለኝም። እሱ ግን «ለምን ክብ ሆነች? ትልቅ ብትሆንስ ክብ ሆና ትቀጥላለች?» አለኝ። «እኔን ትጠይቀኛለህ? ፊዚክስ መምህሩ አንተ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሌላ ነገር አላሰበም።

ጎመን ቅጠል ይጠወልጋል፤ ደግሞም ጅማት አለው፤ ጠብታውን ያጋድለዋል። ስለዚህ ውሃ የማያስጠጋ ለጥ ያለ ነገር ሲፈልግ የራሳችንን ኩራዝ አገኘው። የመስኮት መስታወት ቁራጭ ከኩራዙ ነበልባል በላይ ይይዝና ጥላሸት እስኪለብስ ይጠብቃል። መስታወቱ እንደ ጥቁር ከፋይ ይሆናል። በዚያ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ እንደ ዶቃ ይቆማል፤ ትንሽ ካዘነበሉት ያመልጣል። ውሃውን የሚያንጠባጥበው አንዲት ነርስ ዘመዱ በሰጠችው የመስታወት ሲሪንጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱን ይዘጋል፤ ከጠብታው ጀርባ መብራት፣ ከፊቱ ከተሰበረ ካሜራ የወጣ ሌንስ ያቆማል፤ የጠብታው ጥላ ግድግዳው ላይ ፓፓያ አክሎ ይወድቃል። ነጭ ወረቀት ይለጥፍና ዳር ዳሩን በእርሳስ ይከተለዋል። እኔ ወረቀቱን ከላይ በኩል እይዝለታለሁ። «አትተንፍሺ» ይለኛል፤ ጠብታዋ በትንፋሽ ትንቀጠቀጣለች።

አንድ ቀን እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት። «በጠብታ ላይ ሁለት ነገሮች ይታገላሉ» አለኝ። «ውሃ ቆዳ አለው፤ አይታይም እንጂ አለው። ቆዳው “ሰብሰብ በል” ይለዋል፤ ክብደቱ “ተኛ” ይለዋል። ትንሽ ከሆነ ቆዳው ያሸንፋል፤ ክብ ይሆናል። ትልቅ ከሆነ ክብደቱ ያሸንፋል፤ እንደ ዳቦ ይንጠፈጠፋል። ደግሞ የሚገርመው፣ የአንዲት ስንዴ ርዝመት ያህል ከቆመ በኋላ የቱንም ያህል ውሃ ብትጨምሪበት ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ከዚያ በላይ አይነሳም።» ቅርጹን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቀመር የለም አለኝ። ከጠብታው አናት ይጀምራል፤ ትንሽ ይወርዳል፤ እዚያ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ያሰላል፤ እንደገና ትንሽ ይወርዳል። ሆዱ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መስታወቱን ይነካል። ለአንዲት ጠብታ ሁለት ሳምንት ይፈጅበት ነበር። በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሲያኖረው እኔ አጠገቡ ሹራብ እሠራ ነበር፤ ሁለታችንም ቁጥር እንቆጥራለን።

ሰፈሩ ግን አልተወንም። እትዬ የሺ በግድግዳው በኩል «አልማዝ! ባልሽ ዛሬም ውሃ እያሠለጠነ ነው?» ትላለች።

«እየሠራ ነው፣ እትዬ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ንገሪው!»

ግርማ ራሱ ይመልስላታል፦ «እኔ አልወቅጠውም፣ እትዬ የሺ! አስቀምጬ ቁመቱን ነው የምለካው!»

«ለምንህ? ሱሪ ልታሰፋለት?»

ይኼኔ ሦስታችንም እንስቃለን። ተማሪዎቹም «ጋሼ ጠብታ» ይሉት ነበር፤ ያውቃል፤ አይቆጣም። አሁን ሳስበው በዚያ ቤት ብዙ ተስቋል። መሳቃችንን አስታውሳለሁ፤ ሳቁ ራሱ ግን አይመጣልኝም።

የእኔ ሥራ ዕቃውን ማጠብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ሲሪንጁን ሳየው የስንት ሰው ደም የገባበት ይሆን እያልኩ እፈራው ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ በዱቄት ሳሙና አጥበዋለሁ፤ ውሃ የሚቀዳበትንም ብርጭቆ እንዲሁ። ውሃ ደግሞ ውድ ነው፤ ከቦኖ ተሸክመው ያመጡትን ውሃ ማንም እንደ ልቡ አያፈስም። እኛ ቤት ማለቅለቂያው አንድ ሳፋ ነው፤ ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ማንኪያው ሁሉ በዚያው ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ሲሪንጁና ብርጭቆው። ግርማ ሥራ ሊጀምር ሲል «ታጥቧል?» ይለኛል። «ታጥቧል» እለዋለሁ። በኩራት ነበር የምለው።

የለካቸው ጠብታዎች ሁሉ ስሌቱ ከሚለው ዝቅ ይሉ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ዝቅ ይላሉ። መስታወቱን ለወጠ። ጥላሸቱን አወፈረ፣ አሳሳ። ሌንሱን ጠረጠረ፣ ጠረጴዛውን ጠረጠረ፣ የመብራቱን ሙቀት ጠረጠረ። አንድ ወር ሙሉ ስሌቱን ከአናቱ ጀምሮ ደገመው። ሁሉን ነገር ጠረጠረ፤ የእኔን እጅ አልጠረጠረም። ወረቀቱን ለሁለተኛ ዲግሪ እንዲቀበሉት ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሦስት መርማሪዎች ፊት አቀረበ። የዚያን ቀን ቡናማውን ኮት ተኩሼለት ነበር። አመሻሽ ላይ በእግሩ መጣ፤ አቃፊውን አልጋው ላይ አኖረ፤ እጁን ታጥቦ ራት በላ። «እንዴት ሆነ?» አልኩት። «ስሌቱን አያውቀውም፣ ወይም እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ልክ ናቸው፤ አልገጠመም» ብሎ ጨመረ። ደብተሩን በጋዜጣ፣ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለው። እስከ ጡረታው ያንኑ ሁለተኛ ደረጃ አስተማረ። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር አልሰማሁትም።

እኔ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በጎመን። ሳህን እያጠብኩ ሳለ ጎመኑ አጠገቤ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ድቡልቡል ብሏል። ሳሙና ከነካው ጣቴ አንዲት ጠብታ ወረደችበት። ድቡልቡሉ እንደተቀመጠ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ለጥ አለ። ቆሜ አየሁት። ሌላ ቅጠል አምጥቼ ደገምኩት። ከዚያ ሲሪንጁን ከመሳቢያ አወጣሁና አንዴ በማለቅለቂያው ሳፋ አጥቤ፣ አንዴ በንጹህ ውሃ ብዙ ጊዜ አጥቤ ቅጠሉ ላይ አንጠባጠብኩ፤ የመጀመሪያው ዝቅ አለ፣ ሁለተኛው ክብ ሆኖ ቆመ። ፊዚክስ አያስፈልገውም ነበር። ሳሙናው የውሃውን ቆዳ አሳስቶበታል፤ ያንን ቆዳ ያሳሳሁት እኔ ነኝ።

ልነግረው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ግን እያፏጨ ገባ። ተማሪዎቹ ጥሩ ውጤት አምጥተው ነበር፤ የሁሉንም ስም በየተራ ነገረኝ። ከመርማሪዎቹ ወዲህ ሲያፏጭ የሰማሁት ያኔ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገው ሌላ ነገር አመጣ። ከዚያ ልጅ መጣ፤ ከዚያ ቤቱ ሊፈርስ ነው ተባለ፤ ከዚያ የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ዕቃ ወደ አራተኛ ፎቅ ስናወጣ ደብተሩን ከመስታወት ዕቃ ጋር ሸክፎ ራሱ ተሸከመው። ያኔም ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ምን ልትይ ነበር?» አለኝ። «በደረጃው ቀስ በል» አልኩት። አምና ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ሳምንት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ዝም ያልኩበት ሦስት ሳምንት። ሲሞት አላለቀስኩም፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ውሃ ማደል ጀመርኩ። ሙት ዓመቱንም እንደዚያው አወጣሁት። ጥቁሩን ልብስ ያላወለቅሁት ከሐዘን ይሁን ከልማድ መለየት አልችልም።

ቅዳሜ ሸምሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር።

«እትዬ፣ ጋሼ ይሄን ደረጃ በየቀኑ ይወጡት ነበር?»

«እያረፈ ነበር የሚወጣው። ሦስተኛው ላይ ቆሞ ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ ያስረዳቸዋል፤ ማረፉ እንዳይታወቅበት።»

ሳቀና ዓይኑን ጠረገ። ሻይና ዳቦ አቀረብኩለት። ደብተሩን ከነጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሊነግረኝ የሚገባውን ሁሉ ነገረኝ፤ እኔ ልነግረው የሚገባኝን አልነገርኩትም። አንዴ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ደብተሩን ወስዶ ይሂድ፤ ምክንያቱን ካገኘው ያገኘዋል፣ ካላገኘውም ግርማ አይሰማም።

ጋዜጣው ሲፈታ ተበጣጠሰ። የግርማ ጽሕፈት ደቃቃና ቀጥ ያለ ነው። ሸምሱ መስመር በመስመር እያነበበ ላፕቶፑ ላይ ሞላ፤ በየመስመሩ የጠብታው መጠን፣ ቁመቱና ስፋቱ ተጽፏል። ስሌቱ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል፤ የግርማ ልኬት ቀይ ነጥብ። ነጥቦቹ ከመስመሩ ሥር በአንድነት ተሰልፈዋል፤ በታዛ ሥር እንደተጠለለ ሰው።

«እጃቸው አልተንቀጠቀጠም» አለ ሸምሱ። «እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይለካል። እነዚህ ሁሉ እኩል ነው የወረዱት። አንድ ነገር እየጎተታቸው ነው። ግን ምን?»

ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት።

ገጽ ገለጠ። «እዚህ ሰባት መስመር ሰርዘዋል፤ እዘላቸዋለሁ።»

«በምን ሰረዛቸው?»

«በአንድ መስመር፤ ይነበባል።»

ግርማ ያንን ከእኔ ነው የተማረው። እኔ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው፤ እዚያ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ምን እንደነበረ እንዲታይ። «ከተነበበ አስገባው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ምናልባት የመዝገብ ቤት ሰው አፍ ነው።

ሰባቱን አስገባ። የመጀመሪያው ነጥብ ከታዛው ወጥቶ ወደ መስመሩ ተጠጋ። ስድስቱ መስመሩ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ መስመሩ ላይ። ሸምሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ኧረ! እነዚህን ነው የሰረዙት? ከዳሩም ማስታወሻ አለ። ላንብበው?» ብሎ ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዘነበለና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «“ከሌሎቹ ይለያል። አልማዝ ለእናቷ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ናት። ያለ እሷ ቤቱም እጄም አይስተካከልም። አይታመንም።”»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። እኔ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይዤ ነበር። እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። የእናቴን አርባ አውጥቼ የተመለስኩ ዕለት ትዝ አለኝ፤ ቤቱ ተዝረክርኮ፣ ሳሙናው ሳይነካ መስኮቱ ላይ ደርቆ ነበር። ግርማ ዕቃ በሳሙና አያጥብም፤ ውሃ አስነክቶ ይደፋዋል። በዚያ ተቆጥቼው ነበር።

ሸምሱ ለስለስ ብሎ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ጋሼ ራሳቸው አይታመንም ካሉ እኔ ከእሳቸው ቃል በላይ ምን እላለሁ?» አለ። «የተሰረዙትን አውጥቼ ሌላውን እይዛለሁ። አይገጥምም ብሎ መተው ነው፤ አላህ ያውቃል ሞክሬያለሁ።» ጣቱ ሊያጠፋቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ።

«አታጥፋ» አልኩ። «ልክ እነሱ ናቸው።»

«እንዴት?»

«ሲሪንጁን የማጥበው እኔ ነበርኩ። በሳሙና። ማለቅለቂያው አንድ ሳፋ ነበር፤ የዕቃው ሁሉ ሳሙና ያለበት። እኔ ስሄድ የሚያጥበው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ሳሙና ገና ትንሽ ቀርቶበታል፤ ከዚያ በኋላ ጠራ። ይህን ካወቅኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አልነገርኩትም።»

ሸምሱ ዓይኑን ከነጥቦቹ ወደ ደብተሩ መለሰ። ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲቆጣኝም ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሰው ሊቆጣኝ ይገባል።

«ምን ዓይነት ሳሙና?» አለ በመጨረሻ።

«የዱቄት።»

«ከየት የተገዛ?»

«ከእናንተ ሱቅ ነዋ።»

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ያ ረቢ! እንግዲያው አባቴንም አብረው ይክሰሱት፣ እትዬ!» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ሞላ። ከዚያ አስተማሪ ሆነ፤ በአንድ ሳፋ ስንት ማንኪያ እንደምጨምር፣ ስንት ዕቃ ቀድሞ እንደሚያልፍ ጠየቀኝ። የቆዳውን ቁጥር ትንሽ ቢቀንሰው ቀዮቹ ሁሉ ስሌቱ ላይ እንደሚወጡ አሳየኝ፤ እውነትም ወጡ። ስሌቱ በንጹሁም በሳሙናውም ውሃ ልክ ነበር። «ጋሼ ሁለት ጊዜ ነው ልክ የነበሩት» አለ። «ማጠቢያ ላይ ሳሙና ነበር ብዬ እጽፋለሁ። ማን እንዳጠበው አያስፈልግም፤ እርስዎን የሚያነሳ ነገር አይኖርም።»

«ያስፈልጋል» አልኩት።

እስክሪብቶ አወጣና ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ። ከሰባቱ መስመሮች ዳር፣ ከግርማ ማስታወሻ በታች፣ ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ወረቀት ነበረ።

«እሱ የጻፈውን እንዳትነካ» አልኩት። «ከሥሩ ጨምር።»

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«“ይታመናል። አልማዝ ቤት አልነበረችም” በል።»

ጻፈው።